አረንጓዴው ደሴት

ሆላንድ ውስጥ ድሮንተን የሚባል ከተማ፣ የስደተኞች ካምፕ ሆኜ ወረቀት ስጠብቅ፣ ቀኑ አልመሽ ሲለኝ በብስክሌት ኬተልሃፈን ድረስ እሄድ ነበር። ግድቡ ላይ ቁጭ ብዬ የኬተልሜርን ሐይቅ አያለሁ። መሀሉ ላይ አረንጓዴ ደሴት አለ። ዳክዬ፣ ጀልባ፣ ሣር። ቆንጆ ነው፣ አለቀ።

በቀደም አብሮኝ ለሚሠራ ደች ይህን ብነግረው ሳቀብኝ። «መርዝ እኮ ነው ስታይ የከረምከው!»

ቅዳሜ ተመልሼ ሄድኩ። ከአምስተርዳም በባቡር፣ ከድሮንተን በኪራይ ብስክሌት። ሆላንድ ዳገት የላትም የሚል ሰው ንፋሷን አልቀመሰም፤ ፊት ለፊት እየመጣብኝ ላቤ ጠብ እስኪል ነው የነዳሁት።

ደሴቱ አይሰልኦኽ ይባላል። «ኦኽ» ዓይን ማለት ነው፤ ከሰማይ የተነሳውን ፎቶ ካያችሁ እውነትም ክብ ጥቁር ዓይን ይመስላል። ከግድቡ ሆናችሁ ግን የሚታያችሁ ዙሪያውን ያለው የአፈር ክምር ብቻ ነው። ከዚያ ጀርባ 1 ኪሎ ሜትር ስፋትና 45 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ አለ። 20 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ጭቃ እንዲይዝ ነው በፈረንጆቹ 1996 ጀምረው 1999 የጨረሱት።

ጭቃው ከየት መጣ? የአይሰል ወንዝ የራይን ቅርንጫፍ ነው። ራይን ደግሞ ለብዙ ዓመታት የስንቱን ፋብሪካ ቆሻሻ ተሸክሞ ኖሯል። ወንዙ ሐይቁ ጋ ሲደርስ ይረጋል፣ ሲረጋ ደለሉን ከነብረት መርዙ እዚያው ያራግፋል። በፈረንጆቹ 1932 ባሕሩን የዘጋው ትልቅ ግድብ ከመሠራቱ በፊት ይህ ሁሉ ባሕር ነበር፤ ከተዘጋ ወዲህ ጠርጎ የሚወስድ ማዕበል የለም። ስለዚህ ጭቃውን ከሐይቁ ወለል ዝቀው ጉድጓዱ ውስጥ ከተቱት።

እኔን የገረመኝ ግን አያያዙ ነው። የጉድጓዱን ውሃ እየቀዱ ከሐይቁ ዝቅ ያደርጉታል። ውሃ ወደ ዝቅተኛው ነው የሚሄደው፤ ቀዳዳ ቢኖር እንኳ ንጹሑ ወደ ውስጥ ይሰርጋል እንጂ መርዙ ወደ ውጭ አይወጣም። እንዲህ ቀላል ነገር! ብቻ መቅዳቱን ማቆም የለም።

አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ዓሣ ያጠምዱ ነበር። ይበሉት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና የያዙትን ከመንጠቆው አላቀው ቀስ ብለው ውሃው ላይ ለቀቁት።

ስመለስ ንፋሱ ከኋላ ገፋኝ። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም።