የጠራነው አንዱን፣ አቤት ያለው ሌላው

ለኮምፖዚቲንግ (ምስል ከምስል ለሚያዋህድ) ፕሮግራም ቪዲዮ የሚያነብ ፕለጊን፣ ማለትም ተጨማሪ ክፍል፣ መሥራት ከውጭ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ቪዲዮውን የመፍታቱን ከባድ ሥራ ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለው የላይብረሪዎች (የተዘጋጀ ኮድ) ስብስብ ይሠራልሃል። ከፕሮግራሙ ጋር መነጋገሪያውን ደግሞ ኦፕንኤፍኤክስ የሚባለው ስታንዳርድ አዘጋጅቶ አስቀምጦልሃል። ያንተ ድርሻ መሀል ላይ ሆኖ ሁለቱን ማገናኘት ነው። አስቸጋሪው ያንኑ ኮድ ለዊንዶውስ፣ ለማክና ለሊነክስ ኮምፓይል አድርጎ (ማሽኑ ወደሚያስኬደው ፋይል ቀይሮ) በሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት ፍሬም እንዲያወጣ ማድረግ ነው።

እኛ ቤት ደግሞ ሦስቱም አሉ። ማስታወቂያ፣ አልፎ አልፎም ፊልም የምንሠራ ትንሽ የፖስት ፕሮዳክሽን ቡድን ነን። ግሪን ስክሪን የሚያነሱትና ምስል ከምስል የሚያዋህዱት ልጆች ዊንዶውስ ላይ ይሠራሉ። ቀለም የምታስተካክለው ባልደረባችን ማክ ላይ ናት። ሌሊቱን ሙሉ ሬንደር ሲያደርጉ (የመጨረሻውን ምስል ሲያወጡ) የሚያድሩት ማሽኖች ሊነክስ ናቸው። ስለዚህ ቀን ዊንዶውስ ላይ የተከፈተ ቪዲዮ ማታ ሊነክስ ላይ ካልተከፈተ ጠዋት ለደንበኛ የሚታይ ነገር የለም።

የኦፕንኤፍኤክስ ፕለጊን አቀማመጡ ለእንዲህ ዓይነት ቤት የተመቸ ነው። አንድ ፎልደር ነው። ውስጡ ለዊንዶውስ፣ ለማክና ለሊነክስ የየራሳቸው ንዑስ ፎልደር አለ፤ ፕሮግራሙ የራሱን መርጦ ይከፍታል። ፎልደሩን ሁሉም ማሽን ላይ ኮፒ ማድረግ ብቻ ነው። ከውጭ ስታየው አንድ ፕለጊን ነው። ውስጡ ግን ሦስት ፕሮግራም ነው፤ በሦስት ኮምፓይለር የተሠራ፣ ሦስት ዓይነት ሕግ የሚከተል። ብዙ ሰው ይህን ይረሳል።

ገጠመኙ የመጣው ፕለጊኑን ከኤፍኤፍኤምፔግ 4 ወደ ኤፍኤፍኤምፔግ 6 ስናሻግረው ነው። መሀል ላይ ያለው 5.0፣ እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ የወጣው፣ ለዓመታት «ይቀራሉ» ሲባሉ የቆዩ የድሮ ፋንክሽኖችን ጠራርጎ ስላወጣ ኮዱን ብዙ ቦታ መንካት ነበረብን። እሱ አድካሚ ነው እንጂ አያስጨንቅም። ኮምፓይለሩ የጎደለውን አንድ በአንድ ይነግርሃል።

ዊንዶውሱ ያለ ችግር አለፈ። ማኩ ትንሽ አንገላታን። የኢንቴልና የአፕል ሲሊከን ፋይሎችን ለየብቻ ሠርቶ አንድ ላይ ማጣበቅ፣ የላይብረሪዎቹን አድራሻ ማስተካከል፣ ከዚያ መፈረም አለ። ፊርማው የግድ መጨረሻ ላይ መሆን አለበት። ከተፈረመ በኋላ ፋይሉን ከነካኸው ፊርማው ይበላሻል፤ አፕል ሲሊከን ላይ ደግሞ ትክክለኛ ፊርማ የሌለውን ኮድ ሲስተሙ ወዲያው ይገድለዋል። ቅደም ተከተሉን ካወቅህ ግን ያልቃል።

ሊነክሱን የሠራነው እንደ ሁልጊዜው ሆን ብለን በአሮጌ ሲስተም ላይ ነው። አዲስ ሲስተም ላይ ኮምፓይል የተደረገ ፋይል አዲሱን ጂሊብሲ (ሊነክስ ላይ ፕሮግራሞች ሁሉ የሚደገፉበትን መሠረታዊ ላይብረሪ) ይጠይቃል፤ አሮጌ ማሽን ላይ አይነሳም። በአሮጌው የተሠራው ግን አዲሱም ላይ ይሠራል። የፊልም ኢፌክት ሠሪዎች በየዓመቱ የሚያወጡት ቪኤፍኤክስ ሪፈረንስ ፕላትፎርም የሚባል ስምምነት አለ፤ የ2022ቱ ጂሊብሲ 2.17ን፣ የ2023ቱ 2.28ን መሠረት ያደርጋል። እኛም እሱን እንከተላለን። ተሠራ፣ በሙከራ ፕሮግራማችን ተፈተሸ፣ ፍሬሞቹ ከዊንዶውሱ ጋር ተመሳከሩ፣ ልክ ሆነ። ወደ ሬንደር ማሽኖቹ ገባ።

ማታ ሥራ ሲጫንባቸው ሁሉም ወደቁ። ኮምፖዚቲንግ ፕሮግራሙ ይነሳል፣ ፕሮጀክቱን ይከፍታል፣ የመጀመሪያውን ፍሬም ሊያነብ ሲል ድርግም። የሚረባ የኤረር መልእክት እንኳ የለም።

መጀመሪያ ሁላችንም የጠረጠርነው ጂሊብሲን ነው። ሊነክስ ላይ አንድ ነገር እምቢ ሲል እጅ ወደዚያ መቀሰሩ የተለመደ ነው። ግን የጂሊብሲ ጉዳይ ቢሆን ፕለጊኑ ከነጭራሹ አይጫንም ነበር፤ ይህኛው ተጭኖ፣ ስሙ ዝርዝር ውስጥ ታይቶ ነው የሚወድቀው። ከዚያ ቪዲዮውን ጠረጠርን። ሌላ ቪዲዮ ሰጠነው፤ ያው ነው።

ነገሩን ወደ መስመር ያመጣው ሬንደር ማሽኖቹን የሚጠብቀው ልጅ ነው። ፕሮግራመር አይደለም፤ ግን ማሽኖቹን እንደ ልጆቹ ያውቃቸዋል። «ስማ» አለኝ፣ «እዚሁ ማሽን ላይ በናንተ የሙከራ ፕሮግራም ስሞክረው ይሠራል። ያው ፋይል፣ ያው ቪዲዮ። ፕሮግራሙ ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ውስጥ ያለ አንድ ነገር ነው የሚነካው።» በእንዲህ ዓይነት ጊዜ ከዚህ የተሻለ መረጃ አይገኝም። ምን ላይ እንደሚሠራ፣ ምን ላይ እንደማይሠራ አጥርቶ የሚነግርህ ሰው ካለህ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል።

ፕሮግራሙን ጂዲቢ በሚባለው የስህተት መፈለጊያ ውስጥ አስነሳሁትና እስኪወድቅ ጠበቅሁ። ከዚያ ጥሪዎቹን ከላይ ወደ ታች አነበብኩ። ከታች ፕሮግራሙ አለ። ከሱ በላይ የኛ ፕለጊን። ከኛ ፕለጊን በላይ ግን ሊብአቭኮዴክ 58 የሚል ፋይል፣ ከኤፍኤፍኤምፔግ ላይብረሪዎች አንዱ፣ ተቀምጧል፤ አድራሻው የኮምፖዚቲንግ ፕሮግራሙ የራሱ ፎልደር ነው። ይህ ፋይል እዚያ ቦታ ምንም ሥራ የለውም። ሊነክስ ላይ ኤፍኤፍኤምፔግን ሙሉ በሙሉ ፕለጊናችን ውስጥ ነው የምንከተው፤ ስታቲክ ሊንክ የሚባለውን ማለት ነው። ደግሞ የኛው ቁጥሩ 60 ነው፤ ኤፍኤፍኤምፔግ 6 ነዋ። 58 የኤፍኤፍኤምፔግ 4 ቁጥር ነው።

ሊነክስ እያንዳንዱን ስም ከየት እንዳመጣው እንዲናገር የሚያደርግ ኤልዲ ዲበግ የሚባል ቅንብር አለ። እሱን ከፍቼ እንደገና አስነሳሁት። መዓት መስመር ፈሰሰ። የኛን ፕለጊን ስም ብቻ ለይቼ ሳወጣ ግን ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየ፦ ይህ ስም ከኛ ፕለጊን ተጠርቶ ወደ ፕሮግራሙ ሊብአቭኮዴክ ታሰረ፣ ያኛውም እዚያው ታሰረ፣ ቀጣዩም እንዲሁ። በጣም የገረመኝ ሁሉም አለመሄዳቸው ነው። ኤፍኤፍኤምፔግ 4 ውስጥ ያልነበሩት አዳዲስ ፋንክሽኖች ወደ ራሳችን ታስረዋል። ግማሹ ከአሮጌው፣ ግማሹ ከአዲሱ። የመረጃዎቹ አቀማመጥ በሁለቱ ቨርዥኖች መሀል ተለውጧል፤ አሮጌው ያዘጋጀውን መረጃ አዲሱ በራሱ ካርታ ሲያነበው የማይሆን ቦታ ይረግጣል። ያኔ ይወድቃል።

ለምን እንዲህ ሆነ? ሊነክስ ላይ አንድ ፋንክሽን በስሙ ሲጠራ ሲስተሙ መጀመሪያ የሚፈልገው ዋናው ፕሮግራምና ከሱ ጋር አብረው የተጫኑት ላይብረሪዎች ውስጥ ነው። በኋላ የገባው ፕለጊን ተራው የሚደርሰው ከነሱ ቀጥሎ ነው። ፋንክሽኑን በሆዱ ይዞት ቢመጣም፣ ስሙን ለውጭ ክፍት ካደረገው ጥሪው ቀድሞ ወደተጫነው ይሄዳል። ኮንዶሚኒየም ግቢ ገብተህ «አበበ!» ብለህ ስትጣራ በሩ አጠገብ ያለው አበበ አቤት ይላል፤ አንተ የፈለግኸው አራተኛ ፎቅ ያለውን ነበር። ማክ ላይ ይህ አይደርስም፤ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ከስሙ ጋር የላይብረሪው ማንነት አብሮ እንዲመዘገብ ተደርጓል። ዊንዶውስም ፋንክሽኑን የሚጠራው ከነዲኤልኤሉ (ከነላይብረሪ ፋይሉ) ስም ነው፤ የኤፍኤፍኤምፔግ ዲኤልኤሎች ደግሞ ስማቸው ላይ ቁጥራቸው ስላለ 58ና 60 ጎን ለጎን ይኖራሉ። ለዚህ ነው ሁለቱ ያለፉት። የሙከራ ፕሮግራማችንም ያለፈው የራሱ ኤፍኤፍኤምፔግ ስለሌለው፣ የሚቀድም አበበ ስላልነበረ ነው።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። ችግሩ አዲስ አልነበረም። ፕለጊናችን ለዓመታት ሲጣራ የኖረው የሌላውን አበበ ነው። ሁለቱም ኤፍኤፍኤምፔግ 4 ስለነበሩ አልታወቀም እንጂ።

ታዲያ ኮምፓይል የተደረጉትን ቁርጥራጮች አያይዞ አንድ ፋይል የሚያደርገው ሊንከር ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም አለ? የሊነክሱን የቢልድ ስክሪፕት ከፍቼ ከላይ ጀምሮ አነበብኩት። ኤፍኤፍኤምፔግን የሚያዘጋጀው መስመር ላይ አሴምብሊን (በፕሮሰሰሩ በራሱ ቋንቋ የተጻፈውን ኮድ) አጥፋ የሚል ትእዛዝ አለ። የማክና የዊንዶውስ ስክሪፕቶች ላይ የለም። ኤፍኤፍኤምፔግ ፍጥነቱን በብዛት የሚያገኘው በእጅ ከተጻፈ አሴምብሊ ኮድ ነው። እሱን ማጥፋት ማለት እያወቁ ማዘግየት ነው።

ስክሪፕቱን የጻፈው ልጅ ሥራ ከለቀቀ ቆይቷል። ደወልኩለት። ሳልጨርስለት አስታወሰው። «ሊንከሩ እኮ እምቢ አለኝ» አለ። «በፒአይሲ (የትም አድራሻ ላይ ቢጫን በሚሠራ መልክ) ኮምፓይል አድርገው ይለኛል፣ አድርጌዋለሁ! ሥራው የሚረከብበት ቀን ደርሶ ነበር። አሴምብሊውን ሳጠፋው አለፈልኝ። በኋላ እመለስበታለሁ ብዬ ነበር።» አልፈርድበትም። ያ የኤረር መልእክት በእውነት ያሳስታል። ሊንከሩ ሊል የፈለገው «ይህን ስም ለውጭ ክፍት ስላደረግኸው ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል፤ አሴምብሊው ግን የራሱን ብቻ ነው የሚያውቀው» ነው። የጻፈው ግን ስለ ፒአይሲ ነው። መፍትሔው የኤፍኤፍኤምፔግ የራሱ ሰነድ ላይ በአንድ አረፍተ ነገር ተጽፏል፦ ስታቲክ ላይብረሪዎቹን በራስህ ሼርድ ላይብረሪ (እንደ ፕለጊናችን ባለ ፋይል) ውስጥ ስትከት ፒአይሲን ከፍተህ ለሊንከሩ ቢሲምቦሊክ የሚለውን አማራጭ ጨምርለት። ይህ አማራጭ የውስጥ ጥሪ ሁሉ ወደ ውስጥ እንዲታሰር ያደርጋል። ማለትም ሊንከሩን ጸጥ ያሰኘው ትክክለኛ መልስ የዛሬውንም ክራሽ ይከለክለው ነበር።

አሴምብሊውን መልሰን ከፈትን። ቢሲምቦሊክን ጨመርን። ከስታቲክ ላይብረሪዎቹ የመጡ ስሞችን በሙሉ ደብቅ የሚለውንም አከልን፤ የመጀመሪያው የኛን ጥሪ ይጠብቃል፣ ሁለተኛው ደግሞ እኛ የሌላውን ጥሪ እንዳንወስድ ያደርጋል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ፕሮግራሙ ተነሳ፣ ፍሬሙን አነበበ፣ አልወደቀም።

ጠዋት የሬንደሩ ልጅ እየሮጠ መጣ። «ማሽኖቹን ምን አደረጋችኋቸው?» አለ። ሊነክሶቹ ቪዲዮ ሲያነቡ ቀርፋፋ ናቸው እያለ ሲያማርር ነው የኖረው፤ አሮጌ ስለሆኑ ነው ብለን አዲስ እንዲገዛ ጥያቄ እስከ ማዘጋጀት ደርሰን ነበር። ማሽኖቹ ምንም አልነበሩም። ያ መስመር ነበር የያዛቸው። የግዢ ጥያቄው ተመለሰ።

አንድ ኦፕንኤፍኤክስ ፕለጊን ለፕሮግራሙ የግድ ማሳየት ያለበት ሁለት ስም ብቻ ነው፦ ስንት ፕለጊን እንዳለው የሚናገረውን ፋንክሽንና ፕለጊኑን የሚሰጠውን። የኛው ግን የኤፍኤፍኤምፔግን ስሞች በሙሉ ደጅ ላይ ዘርግቶ ነበር። አሁን የቢልድ ስክሪፕቱ መጨረሻ ላይ ክፍት የሆኑትን ስሞች የሚቆጥር ቼክ አለ። ከሁለት ከበለጡ ቢልዱ ይቆማል። ሙከራውም የሚደረገው በራሳችን ትንሽ ፕሮግራም ብቻ ሳይሆን እውነተኛው ኮምፖዚቲንግ ፕሮግራም ውስጥ ነው፤ በሦስቱም ሲስተም ላይ።

ለዚያ ለለቀቀው ልጅ ውጤቱን ልነግረው መልሼ ደወልኩ። ዝም ብሎ ሰማኝና «ያቺን መስመር አሁን ያለሁበትም ቦታ ይዣት መጥቻለሁ፣ ቆይ ልክፈተው» አለ። ኪቦርዱ ሲንቀጫቀጭ ይሰማኛል። ቼኩንም አማራጮቹንም በዚያው ላክሁለት።