የቡቺ በረዶ፦ ስድስተኛ ሳምንት

ባለፈው «ሰዓት ሙሉ ያሠራዋል» ብዬ የፎከርኩበት የአጥንት መረቅ በረዶ ሁለት ደቂቃ አልቆየም። ውሻዬ ቡቺ እንደ ቆሎ ቆረጣጥሞ ጨረሰና ቀና ብሎ አየኝ። ሌላስ የለም ወይ?

ለአዲሶቻችሁ፦ ቡቺ የሐበሻ ውሻ ነው። ሌሊቱን ከጅብ ጋር ሲጨቃጨቅ ያድራል፤ ቀን ታስሮ ሲውል ግን ሥራ ስለሚፈታ መሬት ይቆፍራል። እስካሁን ሁለት የቡና ችግኝ ነቅሎብኛል። ጅማ ውስጥ ይሄ ቀላል ጥፋት አይደለም። ውሻ ሲልስ ይረጋጋል ሲባል ሰምቼ ነው በረዶውን የጀመርኩት።

ስህተቴ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ቶሎ እንዳይጨርሰው እያልኩ ይበልጥ ላጠነክረው ስለፋ ነገሩ የተገላቢጦሽ ኖሯል። መረቅ አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ሲረጋ ድንጋይ ይሆናል፤ ቡቺ ደግሞ ድንጋይ ሲያገኝ ይነክሳል። ጥርሱ ቢሰነጠቅስ? የበሰለ ሙዝ ግን ስኳር ስላለው ፍሪዘር ውስጥም ለስለስ ይላል። እርጎ ሲገባበት ሳህኑ ላይ ይጣበቃል፤ ስለዚህ ከመላስ ሌላ መላ የለውም።

አሁን እንዲህ ነው የምሠራው። ሁለት የበሰለ ሙዝ በሹካ አደቅና አንድ ስኒ እርጎ (ስኳር የሌለበት) እና አንድ ጭልፋ የተቀቀለ ዱባ አዋህዳለሁ። ከዚያ ቤት እንደሚመርግ ሰው የብረት ሳህኑን ውስጡን ዙሪያውን እለስነዋለሁ፣ መሃሉ ክፍት ይቀራል። ፍሪዘር ውስጥ ያድራል። መጀመሪያ ላይ ሳህኑን እየገፋ ግቢውን ሲዞር ነበር፤ አሮጌ ጎማ መሃል ስወትፈው ቆመ። ትናንት 25 ደቂቃ ላሰ!

አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲያድር ቀልጦ ጠበቀኝ። መልሼ ላረጋው አልደፈርኩም፤ ለቡቺ ሾርባ ሆነለት።

ጎረቤታችን እማማ አይተውኝ፣ «የኔ ልጅ፣ ለውሻ አይስክሬም? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!» አሉ። በማግስቱ ዱባ ይዘው የመጡት ግን እሳቸው ናቸው።

የወጥ ትራፊ ለማርጋት ያሰባችሁ ካላችሁ ተዉት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳሉ፤ ዘቢብ ደግሞ ኩላሊቱን። በእኛ ከተማ ይበልጥ የሚያሰጋኝ ግን የቡና አተላ ነው። ሦስቴ ተፈልቶም ካፌይን አያጣም፣ እኛ ደግሞ ጓሮ መድፋት ልማዳችን ነው። እኔ አሁን ክዳን ባለው ባልዲ ነው የማጠራቅመው። ኦቾሎኒ ፈጭቼ አንድ የሻይ ማንኪያ እጨምራለሁ፤ ቅባቱ ስለሚበዛ ከዚያ አላልፍም።

በሚቀጥለው ሳምንት ፍሬው የወጣ ፓፓያ እሞክራለሁ። ጎማውን ግን ማኘክ ጀምሯል። ሳህን የሚይዝ ሌላ ነገር ያገኘ ካለ ይንገረኝ።