የአባቴ ሬዲዮ አራተኛ ማዞሪያ

የአባቴ ሬዲዮ አራት ማዞሪያዎች ነበሩት። የድምፁ ማዞሪያ ከጠፋ በኋላ ለዓመታት ማዞሪያው የሚሰካበትን ዘንግ በፒንሳ ስናዞር ኖረናል። ባለፈው ወር ከቀሩት ሦስቱ የጣቢያ መፈለጊያውን ነቀልኩና ቅጂውን በሲሊኮን ፎርማ ለማውጣት ተነሣሁ። ሁለት ፎርማ ከተበላሸብኝ በኋላ ሦስተኛው ሠራ።

የመጀመሪያውን ያበላሸው ጭቃው ነው። ማዞሪያውን በቅርጻ ቅርጽ ጭቃ ደገፍኩ፣ ዙሪያውን በካርቶን አጠርኩ፣ ሲሊኮኑን አፈሰስኩ። በማግስቱ ላዩ እንደ ጎማ ረግቷል፤ ጭቃው የነካው ፊት ግን አሁንም ይጣበቃል። የእኔ ሲሊኮን በፕላቲነም የሚረጋው ዓይነት ነው፤ ይህ ዓይነት ሰልፈር ከነካው አይረጋም። ጭቃዬ ደግሞ ሰልፈር ነበረበት። የላቴክስ ጓንትም እንደዚሁ ያበላሻል፤ እኔ አሁን በናይትራይል ጓንት ብቻ ነው የምሠራው። በቆርቆሮ ውህድ የሚረጋው ሲሊኮን ለዚህ አይሰጋም፣ ነገር ግን ከጊዜ ጋር ይበልጥ ይኮማተራል። ስለዚህ ሲሊኮኑን ሳልለውጥ ሰልፈር የሌለበት ጭቃ ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም አዲስ ዕቃ አስቀድሜ በአንድ ጠብታ ሲሊኮን እፈትናለሁ።

ሁለተኛው ላይ በፎርማው ሁለት ግማሾች መካከል ቫዝሊን መቀባት ረሳሁ። ሲሊኮን ሌላውን ነገር እምብዛም አይጣበቅም፤ የረጋ ሲሊኮንን ግን አጥብቆ ይይዛል። ሁለቱ ግማሾች አንድ ሆነው ቀሩ፤ ማዞሪያውን ለማውጣት በምላጭ መሰንጠቅ ግድ ሆነብኝ።

በሦስተኛው ከማፍሰሴ በፊት አንድ ምሽት ሙሉ ያሰብኩበት ነገር ስፌቱ የት ይዋል የሚለው ነው። የማዞሪያው ጎን ጥርስ ጥርስ ነው። ሁለቱ ግማሾች በጥርሶቹ መካከል ቢገናኙ፣ የምትቀረውን ቀጭን መስመር ጣት ሁልጊዜ ያገኛታል፤ በአሸዋ ወረቀት ላጥፋት ብል ጥርሶቹም አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ ስፌቱን ወደ ሬዲዮው በሚዞረው የኋላ ጠርዝ ላይ አዋልኩት። የማፍሰሻ ቀዳዳውንም፣ የአየር መውጫዎቹንም እዚያው ኋላ ላይ አደረግኩ። ቅጂው የሚሠራበት ሬዚን (ሲረጋ ፕላስቲክ የሚሆን ፈሳሽ) የሚፈሰው ፊቱ ወደ ታች ሆኖ ስለሆነ አረፋው ወደ ኋላ ይወጣል፤ ያመለጠ አረፋ ቢኖር እንኳ ማንም የማያየው ቦታ ይቀራል። የሬዲዮው ዘንግ የሚገባበት ቀዳዳ በፎርማው ውስጥ የሲሊኮን ምሰሶ ይሆናል። ያ ምሰሶ እንዳያዘነብል ሲሊኮኑ ሳይረጋ መካከሉ ላይ ምስማር ተከልኩበት።

የሬዚኑ ሥራ አጭር ነው። ሁለቱ ፈሳሾች ከተደባለቁ በኋላ የሚሰጡኝ ጊዜ ሦስት ደቂቃ ያህል ነው። የእኔ ሬዚን ፖሊዩረቴን የሚባለው ዓይነት ነው፤ እርጥበት ጠላቱ ነው፤ ውኃ ሲያገኝ ጋዝ ይፈጥርና በአረፋ ይሞላል። የመጀመሪያው ቅጂ እንደ ስፖንጅ የወጣው ማማሰያ እንጨቴ እርጥብ ስለነበረ ነው። በሁለተኛው የሦስት ጥርሶች ጫፍ ጎደለ። ለሦስተኛው ፎርማውን ታልክ ፓውደር ነስንሼ አራገፍኩት፤ ጥርሶቹንም መጀመሪያ በቀጭን ብሩሽ ሬዚን ቀባሁና ከዚያ ሞላሁ። ሁሉም ወጡ። ይህን ስትሠሩ መስኮት ክፈቱ፣ ለኬሚካል ትነት የተሠራ ማስክ አድርጉ። በሬዚኑ ውስጥ ያለው አይሶሲያኔት የተባለ ኬሚካል ትነቱ ሳንባን ይጎዳል፤ አንዴ አስም ካስነሣ ደግሞ በኋላ ትንሹም መጠን ይበቃዋል። በዚህ ቸል የሚል ሰው ሳይ እቆጣለሁ።

ቀዳዳው በጥቂቱ ጠበበ፤ ሬዚን ሲረጋ ይኮማተራል። አሮጌ ዘንግ ላይ በጉልበት መግፋት ስለፈራሁ የቀዳዳውን ጠፍጣፋ ጎን በትንሽ ሞረድ ጥቂት በጥቂት አሰፋሁት።

የጣቢያ መፈለጊያው በአንድ በኩል የአባቴ አውራ ጣት ያለሰለሰው ቦታ አለው። ሲሊኮኑ ያንንም ቀድቶታል። ዋናውን በሰም ሞልቼ ጥርሱን እንደገና ልቅረጽለት ብዬ ነበር፤ ተውኩት። በዚያው ፎርማ ሦስት ትርፍ ቅጂዎች አውጥቼ በጨርቅ ጠቅልዬ ከሬዲዮው ኋላ አስቀምጫለሁ።