እጁን የሚያወዛውዘው እንሽላሊት

በምሠራበት የተሳቢ እንስሳት ማሳያ ክፍል ውስጥ ከሁሉም ይበልጥ ጎብኚ የሚሰበሰበው በአንድ የመስታወት ሳጥን ዙሪያ ነበር። በሳጥኑ ውስጥ ሁለት ጢማም እንሽላሊቶች፣ አንዱ ግዙፍ አንዱ ደቃቃ፣ አብረው ይኖሩ ነበር። ደቃቃው አንዱን የፊት እግሩን በቀስታ ያነሣና በአየር ላይ ክብ አዙሮ መልሶ ያወርደዋል፤ ልጆችም ይህን ሲያዩ እየተደሰቱ እጃቸውን ያወዛውዙለታል። የክፍሉ ኃላፊ ይህን አይተው «ሰላምታ ሰጪው እንሽላሊት» የሚል ጽሑፍ በሳጥኑ ላይ አስለጥፈው ነበር። እንክብካቤያቸውን ስረከብ የተነገረኝም ሁለቱ እጅግ የተላመዱ መሆናቸው፣ እንዲያውም አንዱ በሌላው ጀርባ ላይ ተኝቶ ሙቀት እንደሚጋሩ ነው።

የክብደት መዝገቡን ስመለከት ግን ከዚህ ጋር የማይሄድ ነገር አገኘሁ። ትልቁ ያለማቋረጥ ሲጨምር ደቃቃው መጀመሪያ ባለበት ቆሟል፣ ቀጥሎም መቀነስ ጀምሯል። የእንስሳት ሐኪሟ ሰገራውን፣ አፉንና ቆዳውን መርምረው የበሽታ ምልክት አላገኙም። ሰው አጠገባቸው ሲቆም እንስሳቱ ጠባያቸውን ስለሚለውጡ፣ ከሐኪሟ ጋር ተመካክረን በሳጥኑ ፊት ለፊት ካሜራ አቆምንና ክፍሉ ባዶ በሚሆንበት ሰዓት ቀረጽናቸው።

ቀረጻው የጓደኝነት ኑሮ አላሳየንም። ትልቁ በማሞቂያው መብራት ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ይወጣና ጭንቅላቱን በኃይል ወደ ላይና ወደ ታች ይነቀንቃል፤ ጢሙ፣ ማለትም ከአገጩ ሥር ያለው እሾሃማ ቆዳ፣ ይነፋና ይጠቁራል። ደቃቃው በዚያች ቅጽበት ሆዱን ከአሸዋው ጋር አጣብቆ እግሩን ያነሣል፣ በቀስታ ያዞረዋል፣ ያወርደዋል፤ ከዚያም ከብርሃኑ ርቆ ወደ ቀዝቃዛው ጥግ ይሄዳል። ትልቁም መነቅነቁን ያቆማል። ጎብኚዎች ሰላምታ ያሉት እንቅስቃሴ በዚህ ዝርያ ዘንድ የመገዛት ምልክት ነው፤ ደካማው ወገን «አልቀናቀንህም» ብሎ ጠብ ከመነሣቱ በፊት የሚያበርድበት መንገድ ነው።

ምልክቱ በራሱ ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም ንክሻን የሚያስቀር ድንቅ ሥርዓት ነው። የዚህ ዝርያ መኖሪያ በሆነው በአውስትራሊያ ደረቅ መሬት ላይ ቢሆን ኖሮ ደቃቃው እግሩን አንሥቶ ከተገዛ በኋላ ዞር ብሎ ሌላ ጉቶና ሌላ ፀሐይ መፈለግ ይችል ነበር። በሳጥን ውስጥ ግን መሄጃ የለም፣ የሚሞቀውም ድንጋይ አንድ ብቻ ነው። እንሽላሊት የሰውነቱን ሙቀት የሚያገኘው ከውጭ በመሆኑ፣ ሳይሞቅ የበላውን በደንብ መፍጨት አይችልም። ስለዚህ ምግብ ቀርቦለትም፣ በሽታም ሳይኖርበት ሊከሳ ይችላል። ተደራርበው መተኛታቸውም የሙቀት መጋራት ሳይሆን፣ ላይ ያለው የመብራቱን ሙቀት ለራሱ መያዙ ነበር።

ኃላፊው ቀረጻውን አይተው አንድ ተገቢ ጥያቄ አነሡ። «እንሽላሊት ሙቀት ለመሳብም ይጠቁራል፤ ታዲያ ይህ ጥቁረት የጠብ መሆኑን በምን አወቃችሁ?» አሉን። መልሱ እዚያው ምስሉ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ጢማም እንሽላሊት የጀርባውን ቀለም በዋናነት እንደ ሙቀቱ ሁኔታ ሲለዋውጥ፣ የጉሮሮውንና የደረቱን ቀለም ግን ለሌሎች እንሽላሊቶች ምልክት ለመስጠት ይጠቀምበታል። በቀረጻው ላይ የትልቁ ጀርባ ፈዛዛ ነበር፤ ማለትም ሞቆታል። ጢሙ ግን እንደ ከሰል ጠቁሯል። ሙቀት ፈልጎ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚጠቁረው ጀርባው ነበር። ኃላፊው ይህን ደጋግመው ካዩ በኋላ እንዲለያዩ ፈቀዱ።

ከሁሉም ያስጨነቀኝ ግን ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ደቃቃው ብቻውን ሰፊ ሳጥንና የራሱን መብራት አግኝቶም እግሩን ማንሣቱን አላቆመም። አንዳንዶቻችን ልማድ ሆኖበት ነው አልን። እኔ ግን የሚያነሣው ወደ የትኛው አቅጣጫ ሲዞር እንደሆነ መመዝገብ ጀመርኩ፤ ሁለት አቅጣጫዎችም ተለይተው ወጡ። አንደኛው በመተላለፊያው ማዶ የተቀመጠው የትልቁ ሳጥን ነበር፤ አካላቸው ቢለያይም ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። ሁለተኛው የጎን መስታወቱ ነበር። ሳጥኑ ውስጥ ብርሃን በርትቶ ክፍሉ ሲጨልም መስታወቱ የእንስሳውን ምስል መልሶ ያሳየዋል፤ እንስሳውም በገዛ ምስሉ ፊት ይገዛል። የትልቁን ሳጥን ወደ ሌላ ክፍል አዛወርን፣ ጎኖቹንም ከውስጥ በማያብለጨልጭ የቡሽ ሰሌዳ ሸፈንን። እግር ማንሣቱ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ፤ ደቃቃው ከመብራቱ ሥር ተዘርግቶ መሞቅ፣ በደንብ መብላትና ክብደት መጨመር ጀመረ።

ከዚያ ወዲህ የጠባይ መመዝገቢያ ቅጻችንን ለውጠናል። ቀድሞ «እግር አነሣ» ወይም «ነቀነቀ» ተብሎ ብቻ ይጻፍ ነበር፤ አሁን ምልክቱ ለማን እንደተሰጠ፣ ከእርሱ በፊት ምን እንደነበረና ተቀባዩ ቀጥሎ ምን እንዳደረገ ይጻፋል። ይህ ለሌሎቹም ዝርያዎች አስፈላጊ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አኖሊስ የተባሉት ትናንሽ እንሽላሊቶች ከአገጫቸው ሥር ያለውን ባለቀለም ቆዳ ለተቀናቃኝም ለሴትም ይዘረጋሉና፣ መዘርጋቱ ብቻውን ምንም አይነግረንም። በሳጥኑ ላይ የነበረው ጽሑፍም ተነሥቶ፣ እግር ማንሣት ምን ማለት እንደሆነና ሁለቱ ለምን እንደተለያዩ የሚያስረዳ ሌላ ጽሑፍ ተተክቷል። ኃላፊው ጎብኚ ይቀንሳል ብለው ሰግተው ነበር፤ ይሁንና ልጆቹ አሁንም በሳጥኑ ፊት ቆመው ጽሑፉን ያነባሉ፣ ስለ ጢሙ ጥቁረትም ይጠይቁናል።