ቴምብሩና መስኮቱ

ታላቅ ወንድሜ ልጅ እያለ ቴምብር ይሰበስብ ነበር። ከአሮጌ ፖስታ ላይ ይቆርጥና ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ይነክረዋል። ሙጫው ሲለቅ ቀስ ብሎ ይልጠዋል። ከዚያ ጋዜጣ ላይ ያሰጣዋል። ደብተሩ አሁን እኔ ጋ ነው። ያኔ ያችን ትንሽ ሥዕል የሚሥላት ሰው አለ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ያደግኩት «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» እየተባልኩ ነው። ሥራዬ ግራፊክ ዲዛይን ነው። ግድግዳ ላይም እሥላለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ፎቶ አነሳለሁ። አጎቴ በዓል በመጣ ቁጥር «ለመሆኑ ሙያሽ የትኛው ነው?» ይለኛል። ጥያቄው ያመኝ ነበር፤ መልሱን እኔም አላውቀውምና።

ሠዓሊው ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ቴምብር እንደሣሉ የነገሩኝ ማተሚያ ቤት ውስጥ ዕድሜያቸውን የፈጁ አንድ አዛውንት ናቸው። አዲስ አበባ ባለው የአፍሪካ አዳራሽ እሳቸው የሠሩትን ባለቀለም መስታወት አይቼዋለሁ። ሦስቱ መስኮቶች አንድ ላይ 150 ካሬ ሜትር ይሆናሉ። የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ይናገራሉ። እዚያ ፊት ቆሜ ጀርባዬን ውርር ሲያደርገኝ ትዝ ይለኛል። ያንን የሠራ እጅ በአውራ ጣቴ የምትሸፈን ቴምብርም ሠርቷል!

ከዚያ ወዲህ ስለ እሳቸው ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። አንኮበር ተወለዱ። እ.ኤ.አ. በ1947 እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ሥዕል ዞሩ፤ ለንደን ውስጥ ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ። ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1954 አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የመጀመሪያ ትርኢታቸውን አሳዩ።

እኔን የያዘኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ትርኢት ያሳየ፣ ስሙ የተጠራ ሠዓሊ እንደገና ተማሪ ሆነ። አውሮፓ ተመልሰው የመስታወት ሥራ አጠኑ። እዚያው ቤተ መጻሕፍት ገብተው የእኛኑ የብራና ሥዕሎች መረመሩ። ከዚያ በኋላ ነው ያ ሁሉ የመጣው፤ መስታወቱ፣ ሞዛይኩ፣ ሐውልቱ። መኖሪያቸውንና ስቱዲዮአቸውን ቪላ አልፋንም ራሳቸው ነደፉት።

ይህን ሳነብ አንድ ግድግዳ ትዝ አለኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ለአንድ ድርጅት የሠራሁት ነው። ኮምፒውተር ላይ የሚያምር ንድፍ ነበረኝ፤ እሱኑ አሳድጌ ግድግዳው ላይ ገለበጥኩት። ሲያልቅ ባዶ ሆነ። መዳፍ በምታክል ሥዕል ውስጥ የሚበቃው መስመር አራት ሜትር ላይ ክር መሰለ። ደንበኛው ምንም አላለኝም፣ ዝም ብሎ ከፈለኝ። ያ ዝምታ ከስድብ በላይ ቆረጠኝ። ያኔ «አጎቴ ልክ ነው፣ አንዱን ልያዝ» አልኩ። አሁን ግን ጥፋቴ ሌላ እንደነበር ይገባኛል። ግድግዳ መሥራት ሳልማር ነበር ግድግዳ የሠራሁት።

መስታወት ደግሞ ከሁሉም ይለያል። ወረቀት ላይ ብርሃኑ ከፊት ይመጣል፤ ቀለሙ ወደ ዓይንህ ይመልሰዋል። መስታወት ላይ ብርሃኑ ከኋላ ነው፣ ቀለሙን ሰንጥቆ ይወጣል። ፀሐይዋ ስትዞር ሥዕሉም ይለወጣል። ቁርጥራጮቹን የሚያያይዘው ጥቁር የእርሳስ ብረት መስመር ሆኖ ይታያል፤ ስለዚህ መጋጠሚያውም አብሮ መነደፍ አለበት። ይህንን ጠንቅቆ ያወቀ ሰው ነው ያንን አዳራሽ በብርሃን የሞላው።

ሎሬት አፈወርቅ ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. አረፉ። በአካል አግኝቻቸው አላውቅም፤ ይቆጨኛል።

ባለፈው ወር መስታወት የሚቆርጡ አንድ ባለሙያ ለመንኩ፤ እሺ አሉኝ። እስካሁን የተማርኩት ቀጥ ያለ መስመር መቁረጥ ብቻ ነው። ከአሥሩ ስድስቱ ይሰበርብኛል። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ክብ እንገባለን ብለውኛል።