የሌላ አገር ግብር ከፋይና የወሎ ስንዴ

የአሜሪካ ግብር ከፋይ ገንዘቡ ለባዕድ አገር ለምን እንደሚወጣ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ እኛም ደሴና ወልድያ ላይ ግብር ስንከፍል ያንኑ እንጠይቃለን፣ መልስ ባናገኝም። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ የውጭ እርዳታ ለዓመታት ከአሜሪካ ፌዴራል በጀት 1 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ መቆየቱና ከምግብ እርዳታውም ትልቅ ድርሻ ተመልሶ የአገሩን ገበሬና የመርከብ ባለቤት ሲጠቅም መኖሩ ነው። እህሉ በአብዛኛው ከአሜሪካ ገበሬ እንዲገዛ፣ ቢያንስ ግማሹም በአሜሪካ ባንዲራ በሚጓዙ መርከቦች እንዲጫን ሕጉ ስለሚያስገድድ፣ ስንዴው ጅቡቲ ደርሶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ወረዳዎቻችን እስኪወጣ ወራት ያልፋሉ፣ ዋጋውም ይንራል። የ1977ቱን የኮረም ረሃብ ለሚያስታውስ የወሎ ሰው የመዘግየትን ትርጉም ማስረዳት አያስፈልግም።

በእኔ ግምት የተሻለው ወጪ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት የተባለው መርሐ ግብር ነው፤ ገበሬው እርከን እየሠራ ጥሬ ገንዘብ ወይም እህል ይቀበላል፣ እርከኑም አፈሩን ይዞ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2023 ግን የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት የነበረው ዩኤስኤአይዲ እህሉ ለሌላ ዓላማ መዋሉን ገልጾ የምግብ እርዳታውን በመላ አገሪቱ ለወራት ሲያቋርጥ፣ ቅጣቱ ያረፈው በሰረቀው ላይ ሳይሆን በተራበው ላይ ነበር።