ሙሉ ታንክ ይዞ ከቦሌ መነሳት

ፍላይት ሲሙሌተር (አውሮፕላን የማብረር የኮምፒውተር ጨዋታ) ላይ ብዙዎቻችን ከፍተን የማናያት ገጽ አለች፤ የነዳጅና የክብደት ገጽ። ሰው የአውሮፕላኑን ቀለም ይመርጣል፣ ደመናና ዝናቡን ያስተካክላል፣ ከዚያ ጨዋታው የሰጠውን ነዳጅ ይዞ ብድግ ይላል። እኔ ግን ሰሞኑን ከዚች ገጽ መላቀቅ አቅቶኛል።

ዛሬ ማታ ትንሿን ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን፣ ሴስና 172ን፣ ቦሌ ላይ አቁሜ የነዳጅ ታንኩን ጢም አድርጌ ሞላሁ። 53 ጋሎን ነው፤ ወደ 144 ኪሎ። ሁለት ሰው ተጨማሪ እንደማሳፈር ነው። ይቺ አውሮፕላን ከነጭነቷ ከ1,157 ኪሎ በላይ ሆና መነሳት አይፈቀድላትም። አራት ወንበር አላት፤ አራት ጎልማሳና ሙሉ ነዳጅ ግን አብረው አይሄዱም። ወይ ሰው ይቀራል ወይ ነዳጅ።

ቦሌ ደግሞ 2,334 ሜትር ላይ ነው። እዚህ ያለው አየር ባሕር ወለል ላይ ካለው በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ክንፉም የሚደገፍበት አየር ያንሰዋል። ቀዩን የነዳጅና የአየር ድብልቅ መቆጣጠሪያ ሳብ አድርጎ ነዳጁን ካላሳሱት ደግሞ ሞተሩ ጭራሽ ያስላል። ባሕር ወለል ላይ 300 ሜትር ሳትሮጥ የምትነሳው ሴስና፣ እዚህ እጥፍ ገደማ ትፈልጋለች። የቦሌ ማኮብኮቢያ ረጅም ስለሆነ መነሳቱ አያስጨንቅም። ጉዱ የሚመጣው አፍንጫዋን ወደ እንጦጦ ሲያዞሩ ነው። ተራራው ይቀርባል፣ እሷ ትንፏቀቃለች። ጠበቅ አድርጌ ልዙር ስል የስቶል ማስጠንቀቂያው፣ ክንፉ አውሮፕላኗን መሸከም ሊያቅተው ሲል የሚሰማው፣ ይጮኻል።

ታንኩን ሩብ አድርጌ ደገምኩት። ሌላ አውሮፕላን! ቶሎ ትወጣለች፣ እጅ ላይ ትቀላለች። ግን ቅለትም የራሱ ጣጣ አለው። ነፋስ እንደፈለገ ያንገላታታል። ለዚህም ነው አየሩ ሲናወጥ የማይታለፈው ፍጥነት በሙሉ ክብደት 105 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ ነው) ሆኖ፣ ስትቀል ወደ 90 የሚወርደው። ከባድ ሆና በምታርፍበት ፍጥነት ላሳርፋት ካልኩ ደግሞ መሬት አልነካም ብላ ማኮብኮቢያው ላይ ትንሳፈፋለች።

ቦይንግ 737-800 ላይ ነገሩ ይብሳል። ሲነሳ እስከ 79 ቶን ይመዝናል፤ ሲያርፍ ግን ከ66 ቶን ብዙም ማለፍ የለበትም። ነዳጅ አየር ላይ መድፊያ የለውም። ስለዚህ ሞልተው ተነስተው ቶሎ ልመለስ ካሉ እየዞሩ ማቃጠል ነው። በጣም የሚገርመኝ ቁልቁል ሲወርድ ነው። ከባድ ነገር ቶሎ ይወርዳል ብሎ ሰው ይጠብቃል። ተቃራኒው ነው! በአንድ ዓይነት ፍጥነት ሞተሩን ዝቅ አድርገው ሲያወርዱት፣ ከባዱ ከቀላሉ ይልቅ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። ክብደቱ ወደፊት ይገፋዋል፤ ጭነት የሞላ አይሱዙ የዓባይን ቁልቁለት ሲወርድ አልቆምም እንደሚለው ነው። ስለዚህ ሲከብድ መውረድ የሚጀመረው ቀደም ብሎ ነው፤ ካልሆነ ከፍ ብለውና ፈጥነው ከች ይላሉ።

እነዚህን ቁጥሮች ስነካካ አንድ የድሮ ጥያቄዬም ተመለሰልኝ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ በቀጥታ እየመጣ፣ ሲሄድ ግን ለረጅም ዓመታት መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ሲቀዳ ኖሯል። ከፊት የሚመጣው ነፋስም አለበት። ግን ዋናው የቦሌ ከፍታ ነው፤ ለዚያ ሁሉ ሰዓት የሚበቃ ነዳጅ ከነመንገደኛው ከዚህ አየር ላይ ማንሳት ይከብዳል።

ቀጥሎ ድሬዳዋ ነኝ። ከተማዋ 1,170 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ቀላል ትመስላለች። ሙቀቱን 35 ዲግሪ ሳደርገው ግን አየሩ 2,100 ሜትር ላይ እንዳለ አየር ይሳሳል። ከቦሌ አየር ብዙም አይለይም። ታንኩን ሞልቼ፣ ሦስት ሰው አሳፍሬ፣ ልክ በቀትር ልነሳ ነው።